«ፈውስ ተገኘ» የሚለው ርዕስ እህቴን መድኃኒቷን አስጣላት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ሉፐስ፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ስለሚያጠቃበት በሽታ፣ ያወጣችሁትን ዜና ያነበብኩት ከጋዜጣው ላይ አይደለም። ታናሽ እህቴ በመቀስ ቆርጣ፣ አራት አጥፋ፣ መድኃኒቷን በምታስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ መከላከያዋን ከሚያረጋጋው ክኒን ከፕሬድኒሶሎኑ ሥር ከታው አገኘሁት። ርዕሱ በትልልቅ ፊደል «ለሉፐስ ፈውስ ተገኘ» ይላል፤ ከሥሩ ጀርመን አገር በአዲስ ሕክምና በሽታው ስለረገበላቸው ታማሚዎች ያወራል። አንብቤ ስጨርስ ክኒኖቹን ቆጠርኩ። የ19 ቀን ድርሻዋ አልተነካም።

ወደ እሷ የሄድኩት እግሬ አበጠብኝ ብላ ስለደወለች ነበር። ስደርስ እብጠቱ እግሯ ላይ ብቻ አልነበረም፤ የዓይኗ ቆብ ተነፍቶ ዓይኗ ጠቧል፣ ሽንቷም አረፋ ይደፍቃል። የሉፐስ ታማሚ ሽንት አረፋ ሲያበዛ ፕሮቲን በኩላሊት በኩል እያመለጠ ሊሆን እንደሚችል እሷ አታጣውም፤ ከበሽታው ጋር ስምንት ዓመት ኖራለች። ለምን እንደተወችው ስጠይቃት አልዋሸችኝም። «እትዬ፣ ተገኝቷል ይላል እኮ። እንግዲህ ይኼን ሁሉ ክኒን ምን በወጣኝ እውጣለሁ?» አለችኝ።

ልቆጣት አልቻልኩም። ፊቷን ያድቦለቦለው፣ እንቅልፍ የነሳት፣ በ32 ዓመቷ አጥንቷን ያሳሳው ይኸው ክኒን ነው። ኩላሊቷን እስከ ዛሬ ያቆየላትም እሱና አብረውት የምትወስዳቸው ሌሎቹ ናቸው። 11 ቀን ተኝታ ታክማ ወጥታለች፤ አሁን ደህና ናት፤ መድኃኒቷንም ጀምራለች።

ዘጋቢያችሁን ለመክሰስ አልተነሳሁም። የጻፈው ውሸት አይደለም፤ ጀርመን አገር ሆነ ያለው በእርግጥ ሆኗል። የጎደለው ስንት ሰው እንደታከመና ከታከሙ ምን ያህል ጊዜ እንደሆናቸው የሚነግር ቁጥር ነው። ደግሞም «መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ» የምትል አንዲት መስመር። ፕሬድኒሶሎንን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲተወው አደጋው የሉፐሱ ማገርሸት ብቻ አይደለም። ከኩላሊት አናት ላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች ክኒኑ ሥራቸውን ስለያዘላቸው ሰውነት ያለሱ የማይቆመውን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ራሳቸው ማምረት ትተዋል። ሐኪም መጠኑን በጥቂት በጥቂቱ የሚቀንሰው እነሱ እስኪነቁ ድረስ ነው። ያቺ መስመር ቦታ አትፈጅም ነበር።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ 23 ዓመት ሠርቻለሁ። ከእነዚህ አብዛኛውን ያሳለፍኩት ጨለማ ክፍል ውስጥ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ፊት ነው። የሥራዬን አንድ ክፍል ልንገራችሁ፤ ነገሩ በሽታው ምን እንደሆነ ያሳያል። ሉፐስ የተጠረጠረበት ሰው ደም ሲመጣ ሴረሙን (ሴሎቹ የተለዩለትን የደም ፈሳሽ) እናቀጥንና የሰው ሴል በተለጠፈበት ስላይድ ላይ እናንጠባጥበዋለን። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ የሚያበራ ቀለም የታሰረበት ሌላ አንቲቦዲ (መከላከያችን ባዕድን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን) ይጨመርበታል። በሴረሙ ውስጥ የሰውን ሴል አስኳል የሚያጠቃ አንቲቦዲ ከሌለ ክፍሉም ስላይዱም ጨለማ ነው። ካለ ግን እያንዳንዱ አስኳል አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። አንዳንዱ እንዳለ ይበራል፣ አንዳንዱ ነጠብጣብ ይሆናል። ለጀርም የተሠራ መሣሪያ የገዛ ቤቱን ሲያነጣጥር በዓይን የሚታይበት ቦታ ያ ነው። (ስላይዱ የበራ ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ላይም በዝቅተኛ መጠን ይታያል። ይህን የምለው ውጤት በእጁ ይዞ የሚያነብ ሰው እንዳይደነግጥ ነው።)

የእህቴን ስላይድ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ለሁለት ዓመት የጠዋት የመገጣጠሚያ ሕመሟ ድካም ነው፣ የጉንጯ ሽፍታ ፀሐይ ነው፣ የጸጉሯ መርገፍ ሐሳብ ነው ሲባል ከርሞ፣ በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ሁሉንም በአንድ ላይ አይታ ምርመራውን አዘዘች። 1 ለ80 አቀጠንኩት፤ በራ። 1 ለ320፤ በራ። 1 ለ1280 ላይም ይበራ ነበር፤ ይህን ያህል ቀጥኖ መብራቱ አንቲቦዲው ብዙ ነው ማለት ነው። ከዚያ ለዲኤንኤ አንቲቦዲ የሚደረገውን ምርመራ ሠራሁ። ለዚህኛው ክሪቲዲያ የምትባል ባለ አንድ ሴል ደቃቅ ፍጡር እንጠቀማለን፤ በሆዷ ውስጥ ንጹሕ ዲኤንኤ የታጨቀባት አንዲት ነጥብ አለች። ያቺ ነጥብ እንደ ክብሪት ጫፍ ስትበራ አየሁ። መብራቱን ሳላበራ ብዙ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ከኤርላንገን የመጣውን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ የሆንኩትን ሆኜ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹንና ወሮቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በጀርመን ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ጌዎርግ ሼትና ባልደረቦቻቸው በ2021 ዓ.ም. መጋቢት ወር አንዲት የ20 ዓመት ወጣት አከሙ። ሉፐሷ ኩላሊቷን ይዟል፤ የታወቁት መድኃኒቶች ተሞክረው አልያዙላትም። የተጠቀሙበት ሕክምና ካር-ቲ ይባላል። ለደም ካንሰር የተፈጠረ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 የመጀመሪያውን ፈቅዶለታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የታማሚዋ ደም በማሽን ውስጥ እያለፈ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ተለይተው ይወሰዳሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በሽታ እንዳያመጣ የተደረገ ቫይረስ አዲስ ዘረመል ይጭንባቸዋል፤ ዘረመሉ ሲዲ19 የሚባለውን ምልክት የሚለይ መያዣ በላያቸው ላይ ያበቅላል። ሲዲ19 ያለው ቢ ሴሎች ላይ ነው፤ የእህቴን ስላይድ ያበሩትን አንቲቦዲዎች የሚያመርተው ወገን የሚፈልቀውም ከቢ ሴሎች ነው። የተለወጡት ቲ ሴሎች በብዛት ከተባዙ በኋላ፣ ቦታ እንዲያገኙ ታማሚዋ ለጥቂት ቀን የኬሞ መድኃኒት ትወስዳለች። ከዚያ በደም ሥሯ ይመለሱላታል፤ በአንድ ኪሎ ክብደት አንድ ሚሊዮን ሴል። አንድ ጊዜ ብቻ። የቀረውን ሥራ እነሱ ናቸው የሚሠሩት፤ በሰውነቷ ውስጥ እየተባዙ ቢ ሴሎቿን ካሉበት እየገቡ ያጠፏቸዋል።

ቢ ሴል የሚያጠፋ መድኃኒት ከዚህ በፊትም ነበር። ሪቱክሲማብ ለካንሰር ከተፈቀደ ከ1997 ጀምሮ ብዙ ሰው ረድቷል፤ ለሉፐስ በተደረጉ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ግን የታሰበውን ውጤት አላሳየም። ተመራማሪዎች የሚሰጡት አንዱ ምክንያት፣ ሪቱክሲማብ በደም ውስጥ የሚንሸራሸሩትን ቢ ሴሎች ሲያጸዳ በንፍፊትና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች የመሸጉትን በደንብ አይደርስባቸውም የሚል ነው። ቲ ሴል ግን ሕያው ነው፤ እግር እንዳለው ሁሉ ይሄድላቸዋል።

የወጣቷ የዲኤንኤ አንቲቦዲ ጠፋ፤ በሽንቷ የሚፈሰው ፕሮቲን ወረደ። በ2022 አምስት ታማሚዎች ሆኑ፤ አምስቱም በሦስት ወር ውስጥ በሽታው ጋብ አለላቸው። በ2024 የካቲት ውጤታቸው ሲታተም ደግሞ 15 ነበሩ፤ ስምንቱ ሉፐስ፣ ሦስቱ ጡንቻን የሚያቃጥለው ማዮሳይተስ፣ አራቱ ቆዳና ሳንባን የሚያደርቀው ስክሌሮሲስ ያለባቸው። ስምንቱም የሉፐስ ታማሚዎች በሽታቸው ጸጥ አለ፤ 15ቱም በሽታ መከላከያን የሚጨቁኑ መድኃኒቶቻቸውን አቆሙ። ያቆሙት ግን ሐኪሞቹ እያዩዋቸው ነው።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ሌላ ነው። በአማካይ 110 ቀን ገደማ ሲሆን ቢ ሴሎቻቸው ተመለሱ፤ በሽታው ግን አብሮ አልመጣም። የተመለሱት ከመቅኒ አዲስ የወጡ፣ ገና ምንም ያላዩ ሴሎች ነበሩ። ያረጀውን ስሕተት የሚያስታውሱት ሄደዋል። ደግሞም በልጅነት ክትባት የተገኘው መከላከያ በአብዛኛው አልጠፋም፤ እሱን የሚያመርቱት ዕድሜ ጠገብ ሴሎች ሲዲ19 ስለሌላቸው ካር-ቲው አልፏቸዋል። ክፉውን ነቅሎ ደጉን የሚተው ነገር በ23 ዓመት ሥራዬ ብዙ አላየሁም። እስከ ዛሬ የነበረን መሣሪያ ሁሉንም የሚጨቁን ነው። የእህቴ ክኒን ዘመድ የሆነው ኮርቲዞን በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሪህ ዓይነቱ የመገጣጠሚያ በሽታ ሲሰጥ አልጋ ላይ የነበረች ታማሚ ተነስታ መሄዷ ዓለምን አስደንቆ ነበር፤ በሁለት ዓመቱ ኖቤል አስገኘ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጉዳት እህቴ ፊቷ ላይ ይዛው ትዞራለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጭንቀቴ። ቁጥሩ 15 ነው። የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድን አልነበረም። ከታከሙ በኋላ የተከታተሏቸው ጊዜ መሐል ላይ ያለው ሲታይ 15 ወር ነው፤ ሉፐስ ግን የዕድሜ ልክ በሽታ ነው። ከ15ቱ አሥሩ ቀለል ያለ ትኩሳት ያዛቸው፣ አንዱ ጠንከር አለበት፣ ሌላ አንድ ሰው ሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ገባ። ካር-ቲ ለካንሰር ከወሰዱ ሰዎች መካከል ደግሞ በጥቂቶች ላይ ከራሱ ከቲ ሴል የሚነሳ ካንሰር ስለታየ፣ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2024 መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዟል። ከሴሎቹ በፊት የሚሰጠው ኬሞ የእንቁላል ማምረቻን ሊጎዳ ይችላል፤ ሉፐስ ከሚይዛቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜያቸው። ይህን ሁሉ ለማስፈራራት አልዘረዘርኩም። እህቴ ተራዋ ቢደርስና ሐኪሟ ብትመክራት፣ እጇን ይዤ የምገባ እኔ ነኝ። ግን አውቃ ትግባ።

አንድ የቃል ነገር አለ። «ፈውስ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ተመራማሪዎቹ በጽሑፋቸው የተጠቀሙበት ቃል ትርጉሙ በሽታው መርገቡን እንጂ ሰውየው መዳኑን አይናገርም። ለዚህ የሚሆን ቃል አጥተን አይደለም። ዝናብ «ጋብ አለ» እንላለን፤ ሕመምም ጋብ ይላል። ጋብ ያለ ዝናብ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ማንም ሰምቶ አይሳሳትም። ርዕሳችሁ «ሉፐስ በስምንት ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ጋብ አለ» ቢል ኖሮ እህቴ ቁራጩን አሁንም ታስቀምጠው ነበር። ክኒኗን ግን አትተወውም ነበር ብዬ አምናለሁ። ጠይቄያት እሷም ይህንኑ ነግራኛለች።

ሌላው በዚያው ገጽ ግርጌ ያለው የጤና ምክር ነው፤ «የሰውነታችሁን በሽታ የመከላከል አቅም አጠናክሩ» ይላል። ቁራጩ ላይ ግማሹ ቀርቷል። ለብዙ አንባቢ ደግ ምክር ሊሆን ይችላል። የእህቴ ችግር ግን መከላከያዋ ደክሞ አይደለም፤ ወዳጅና ጠላት መለየት አቅቶት ነው። ይህን የማያውቅ ዘመድ ሁሉ አቅምሽን ገንቢ እያለ የሚያመጣላትን ብልቃጥ ስንመልስ ኖረናል። በሽታ መከላከያን ያነቃቃሉ የሚባሉ አንዳንድ ነገሮች በእሷ ላይ እሳቱን ሊያቀጣጥሉት ይችላሉ። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲወጡ አንዱ ሌላውን እንደሚያፈርስ አዘጋጁ ማየት ነበረበት።

በ2025፣ በእኛ መስከረም መጨረሻ፣ በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 6 ቀን፣ የሕክምና ኖቤል ሲታወጅ ስለዚሁ ጉዳይ ነበር፤ እናንተ በሦስት መስመር አልፋችሁታል። መከላከያችን ራሳችንን እንዳያጠቃ የሚጠብቀው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው የተሸለመው። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ፣ አይጦች በተወለዱ በሦስተኛ ቀናቸው ቲ ሴሎች የሚበስሉበት ታይመስ እጢያቸው ሲወጣ መከላከያቸው ይደክማል ተብሎ ሲጠበቅ ይልቁንም ራሳቸውን ማጥቃታቸውን ይዘው ዓመታት ለፉ። ከጤነኛ አይጥ የተወሰዱ ቲ ሴሎች ሲሰጧቸው ጥቃቱ ይቀራል። ስለዚህ ከቲ ሴሎች መካከል ሌሎቹን የሚገሥጹ አሉ ማለት ነው፤ በ1995 እነማን እንደሆኑ ለይተው አሳዩ። ብዙ ሰው በጊዜው አላመነም። አሜሪካውያኑ ሜሪ ብሩንኮው እና ፍሬድ ራምስደል ደግሞ በ1940ዎቹ በአንድ የጨረር ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኙ፣ ቆዳቸው የሚላጥና ወንዶቹ በጥቂት ሳምንት የሚሞቱ አይጦችን ዘር ይዘው ጥፋተኛውን ዘረመል ፈለጉ። 20 ተጠርጣሪ ዘረመሎች ቀርተዋቸው ነበር፤ አንድ በአንድ ሲመረምሩ የተገኘው 20ኛው ላይ ነው። ፎክስፒ 3 አሉት፤ በ2001 ይኸው ዘረመል ሲበላሽ በሕፃናት ወንዶች ላይ ከባድ በሽታ እንደሚያመጣም አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ፤ ፎክስፒ 3 የእነዚያን ገሣጭ ሴሎች ሥራ የሚያዘው ዘረመል ሆኖ ተገኘ።

እነዚህን ገሣጮች አብዝቶ ለታማሚ የመመለስ ሙከራ እየተካሄደ ነው። ካር-ቲ አጥፍቶ ከባዶ ያስጀምራል፤ ይህኛው ያለውን ለማስታረቅ ይሞክራል። እኔ በግሌ ተስፋዬ የበለጠው በዚህኛው ነው፣ ምንም እንኳ የኤርላንገኑን የሚያህል ውጤት ገና ባላይበትም። ቻይና ውስጥም በ2024 ሌላ በር ተከፍቷል፤ ከታማሚው ሳይሆን ከጤነኛ ለጋሽ የተወሰዱ ሴሎች ባዕድ ሆነው እንዳይጠቁ ዘረመላቸው ተስተካክሎ ለሦስት ሰዎች ተሰጥተዋል፤ አንዱ ማዮሳይተስ፣ ሁለቱ ስክሌሮሲስ ያለባቸው። ሦስት ሰው ነው። ቢሆንም ለእያንዳንዱ ታማሚ ለብቻው እየተቀመመ ሳምንታት የሚፈጀው ሕክምና አንድ ቀን ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል ማለት ስለሆነ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ ብትነግሩን ደስ የሚል ዜና ነው።

አንዲት የጋዜጣ ዓምድ ይህን ሁሉ አትችልም ትሉኝ ይሆናል። እህቴ ዜናችሁን ስንት ጊዜ እንዳነበበችው ግን ወረቀቱ ይናገራል፤ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል። የእናንተ አንባቢ እንዲህ ያለ ነው። ለእንዲህ ያለ አንባቢ ረጅም አይበዛበትም።

ዘጋቢያችሁ ስለዚህ በሽታ ዳግም የሚጽፍ ከሆነ ወደምሠራበት ክፍል ቢመጣ በደስታ አሳየዋለሁ። የመቆጣጠሪያ ስላይድ ሁልጊዜ አለን፤ የማንም ስም የለበትም። መብራቱን አጥፍቼ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ እንጠብቃለን፣ ከዚያ ይመልከት። እህቴም ካስፈለገ አነጋግረዋለሁ ብላለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከማተማችሁ በፊት ጽሑፉን ለሐኪሟ እንድታሳዩላት።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ